አላልቼ ያነበብኩት ቃል

ነቀምቴ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ለቀምት ተብላ ትጻፍ በነበረበት በጃንሆይ ዘመን፣ በከተማዋ የሕዝብ የንባብ ክፍል ከከፈቱት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ሰው የሠራውን ደግ ነገር ሲጽፍ ያበላሸውን አብሮ የማይጽፍ ከሆነ፣ ጭራሽ ባይጽፍ ይሻለዋል።

ክፍሉ የማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ብንጠርገውም ብንለስነውም የአይጥ ሽታው አልወጣም። ሁለት መደርደሪያና ስድስት አግዳሚ ወንበር አስገባን። መጻሕፍቱን ከመምህራንና ጡረታ ከወጣ አንድ ጸሐፊ ለምነን ነው ያገኘናቸው፤ ግማሾቹ ሽፋን አልነበራቸውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ የሄደውም ጸሎት ቤት የሄደውም ምሳውን ከበላ በኋላ፣ ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ብለን እናነብ ነበር። «እናነብ ነበር» አልኩ እንጂ የማነበው እኔ ነበርኩ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ከሸዋ የመጣሁት በጉልምስናዬ ከቡና ነጋዴዎች ጋር ነው፤ ፊደል የለየሁትም በጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። ከዚያ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፣ ከዚያ መጽሐፍ ማንበብ ቻልኩ። በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ጸሐፊ ሆንኩ። ማንም ሳያስተምረው የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ የማያውቀው ነገር መኖሩን ለሌላ ሰው መንገር ይከብደዋል። እኔ ይህ ጠባይ ነበረኝ፣ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

በንባብ ክፍሉ ሁለት ነገር አጥብቄ ይዤ ነበር። አንደኛው፣ እኔ አስቀድሜ ያላየሁት ጽሑፍ አይነበብም። ሁለተኛው፣ የሚያነብ ሰው የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ማንበብ አለበት። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው እያልኩ አስተምር ነበር። አንድ ወጣት መምህር በስብሰባ ፊት አንዱን ቃል አላልቶ ቢያነብ አስቁሜ አስደግሜዋለሁ። ፊቱ ሲቀላ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰው ቀረ። አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ። ሳይቀር የሚመጣው አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ያንኮራፋል። ለዚህም ወቀሳዬን ቤቴ ድረስ ይዤ ገባሁ። የመጨረሻዋ ልጄ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

«አባባ፣ ሰዎቹ የቀሩት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ስንፍና ነው።»

«አይደለም። የሚያነቡላቸውን አይሰሙትም።»

«ጆሮ የላቸውም?»

«ጆሮስ አላቸው። ከገበያ ሲመለሱ እኮ መንገዱን ሁሉ ተረት እየተጫወቱ ነው የሚሄዱት፤ በቋንቋቸው። እሱን ብናነብላቸው ይመጣሉ።»

«ተረት ደግሞ ይነበባል እንዴ?»

«ከተጻፈማ ይነበባል።»

የፈራሁትን አልነገርኳትም። በኦሮምኛ የተጻፈ ነገር በአደባባይ ማንበብ በእርግጥ ያስጠይቅ እንደሆነ በግልጽ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ግን አለቆቼ ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብኝ አውቅ ነበር። ቋንቋውንም እኔ ራሴ ያኔ ባለቤቶቹ በማይወዱት ስም ነበር የምጠራው፤ ያን ስም እዚህ አልጽፈውም። ሆኖም ባዶ አግዳሚ እያዩ መቀመጥ ከአለቃ ፊት ይበልጥ ከበደኝ፣ ፈቀድኩላት። «ግን አስቀድሜ እኔ አየዋለሁ» አልኩ።

ጉቴ ለነቀምቴ ቅርብ ናት። የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኛ አያት እዚያ አሉ፤ ልጄም እንደ ጓደኛዋ «አኮ» እያለች ትጠራቸው ነበር፤ አያቴ ማለት ነው። አራት ቅዳሜ ሄደች። አሮጊቷ ይናገራሉ፣ እሷ በግእዝ ፊደል እየጻፈች በኦሮምኛ ትይዛለች። በአራተኛው ቅዳሜ ደብተሩን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ይሄ ታሪክ እኮ የአኮ...» ብላ ጀመረች።

«ደብተሩ ራሱ ይናገራል» ብዬ አቋረጥኳት። የጀመረችውን አላስጨረስኳትም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ መሥሪያ ቤቱ ጭር ሲል፣ ደብተሩን ከፍቼ ቀይ ቀለም ይዤ ተቀመጥኩ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው። ሰላምታ፣ ቁጥር፣ «ና»፣ «ቁጭ በል»፣ «ስንት ነው» እችላለሁ። በጽሑፍ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከ«ደ» ጋር የምትመሳሰል፣ ጭረት የተጨመረባት አንዲት ፊደል በየመስመሩ እየመጣች አናደደችኝ። ከገጹ ሁሉ በደንብ የያዝኳቸው ጥቂት ቃላት ናቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ ወንዝ፣ ክረምት። በየአንቀጹ መጨረሻ ደግሞ አንድ አባባል ይደጋገማል፤ «ቢራ ኮቱ!» ይላል። «ኮቱ» ነይ፣ ና ማለት እንደሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። «ቢራ» ደግሞ ቢራ ነው፤ በጭነት መኪና በሳጥን የሚመጣው። አንዲት እናት ወንዝ ዳር ቆማ ቢራ ና እያለች ትጮኻለች።

ደሜ ፈላ። እኔ አባቴን በመጠጥ ያጣሁ ሰው ነኝ። ከጠርሙስ ጋር የሚመጣ ነገር ሁሉ በቤቴ ክልክል ነው። አሮጊቷ በጉልምስናቸው ጉቴ ገበያ ላይ አረቄ ይሸጡ እንደነበር ከሰው ሰምቼ ነበርና ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። የገጠር ሴት የጠርሙስ ቢራ ከየት ታውቃለች ብዬ ራሴን ጠይቄ፣ ጠላውን ነው እንዲህ ያሉት ብዬ ራሴው መለስኩ። በሩ ላይ ሲሬ ተወልዶ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ዘበኛ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቃል ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ዘበኛ የጽሑፍ ትርጉም መጠየቅ አሳፈረኝና ተውኩት።

በደብተሩ ላይ «ቢራ» የሚለውን በቀይ እየሰረዝኩ፣ በሌላ ወረቀት ላይ ታሪኩን በአማርኛ ጻፍኩት። ከአራት ቃል አንድ ተረት ሠራሁ ማለት ነው። በእኔ ተረት እናቲቱ ሰካራም ናት። ልጇን ከወንዝ ማዶ ድራ ጥሎሹን ጠጥታ ትጨርሳለች፣ ከዚያ በክረምት ወንዝ ዳር ቆማ ቢራ ላኪልኝ እያለች ስትጮኽ ጎርፍ ይወስዳታል። መጨረሻው ላይ ስለ መጠጥ ጠንቅ አንድ ገጽ ምክር ጨመርኩበት። ጽፌ ስጨርስ በሥራዬ ኮራሁ።

በዚያ እሑድ ክፍሉ ሞላ። ልጄ ሰፈሩን ሁሉ ዞራ፣ በኦሮምኛ ይነበባል ብላ ነግራ ነበር። ያልተቀመጠው በመስኮት ይመለከታል። አሮጊቷም ከጉቴ በእግራቸው መጥተው፣ ነጭ ሸማ ለብሰው፣ ከፊት አግዳሚ ላይ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። አማርኛ አይሰሙም። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ቃጣቸው፤ ከወረቀት ላይ የሚወጣውን የራሳቸውን ቃል ሊሰሙ የመጡ ሰው ናቸው።

ልጄ ለማንበብ ስትነሳ «እኔ አነባለሁ» አልኳትና ወረቀቴን አወጣሁ። ደብተሩ አለመሆኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ግን አባቷ ነኝ፣ ቁጭ አለች።

ማንበብ ጀመርኩ። ጎረቤቲቱ በአሮጊቷ ጆሮ ቃል በቃል ታስተረጉምላቸዋለች። ወንዝ ዳር «ቢራ ና!» የሚለው ላይ ስደርስ ከተሜዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ልብስ ሰፊው፣ ያን ዕለት ያላንኮራፋው፣ ከኋላ ጮኸ፤

«ጋሼ፣ ታዲያ ጠርሙሱን በዋና ነው የሚያሻግሩላት?»

«ወንዙን ጠምቃ አትጠጣውም እንዴ!» አለ ሌላው።

ሳቁ ደስ አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እየሰማኝ ነው ብዬ። ቀና ስል ግን ከመሐል ያሉት ሴቶች አንዷም አትስቅም። ጎረቤቲቱ ማስተርጎሟን አቁማለች። አሮጊቷ ክንዷን እየነኩ «ማል ጄዸ? ማል ጄዸ?» ይላሉ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ልጄ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ይጠብቃል» አለች። «ቢርራ ነው። ወራቱ ነው።»

ይህን ስትል በዚያው ቅጽበት ገባኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ! በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራና ወንዙ ሲጎድል፣ ሜዳው ሁሉ ቢጫ አበባ ሲለብስ፣ ገበያ የሚወጣው ሁሉ «ቢርራ ገባ» እየተባባለ ደስ ሲለው ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። በጆሮዬ ብሰማው አልስተውም ነበር። በወረቀት ላይ ሳየው ግን ዓይኔ ሸዌ ነው፤ ያላሰለጠንኩት ዓይን። ፊደሉ መጥበቅ መላላቱን አያሳይም እያልኩ ሌላውን ሳስተምር የኖርኩ እኔ ነኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ገብቶኝ ሳለ፣ ያን ሁሉ ሰው አይቼ፣ ልጄን «ቁጭ በይ!» አልኳት። ከዚያ ወረቀቴን ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ እናቲቱን ጎርፍ እስኪወስዳት ድረስ፣ ምክሩንም ጭምር እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ያነበብኩት ሁለት ገጽ ተኩል ነው።

ስጨርስ አሮጊቷ ተነሱ። በመጨረሻ የነገራቸው ሰው ነበር። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚናገሩት አድርገው ተናገሩ። ሌላ ጊዜ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማልከተለው ሰው ያን ዕለት አንድ ቃል አላመለጠኝም። «እናቴ ጠላ እንኳ ቀምሳ አታውቅም» ነው ያሉት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው «ኢንተለ ኮ፣ ቃሌን መልሺልኝ» አሉ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። ልጄ ከፊቴ ካለው ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን አንስታ ሰጠቻቸው። ማንበብ የማይችሉት ሴት ደብተሩን በሸማቸው ሥር ይዘው ወጡ። ሴቶቹ ተከትለዋቸው ወጡ።

ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ንገሪኝ» አልኳት። ቆማ ነገረችኝ። ሙሽራዪቱ አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው። ከአንገር ወንዝ ማዶ ተድረው፣ እናታቸው ወዲህ ማዶ ይኖሩ ነበር። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ መገናኘት የለም። እናት በየሳምንቱ እየወረዱ፣ ወንዙ በሚጠብብበት ቦታ ቆመው ለልጃቸው ይጣራሉ፤ «በቢርራ ነይ!» እያሉ። ውኃው ሲጎድል ነይ ነው። አንድ ሳምንት በእናታቸው ቦታ ሌላ ሴት ቆማ አዩ። እናት ውኃው ሳይጎድል ሞተው ተቀብረው ነበር። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ምክርም መደምደሚያም የለውም።

«ይህንን ነበር ልነግርዎ የጀመርኩት» አለች።

ቅዳሜ ጉቴ ሄድኩ። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ኑግ ይለቅማሉ። «አከም ቡልተኒ» አልኩ፤ እንዴት አደሩ ነው። ሰላምታዬን በሙሉ ሥርዓት መለሱ፣ በርጩማ አቀረቡልኝ። በሰባራ ኦሮምኛዬ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ ሰሙኝ።

«የበደሉኝ እኔን መስሎዎት ነው የመጡት» አሉ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብለው። «የሰደቡት እሷን ነው። እሷ ደግሞ የለችም፣ ልታዝንብዎትም ልትምርዎትም አትችልም። ለሰሙት ይንገሩ። እንዴት እንደነበረች ይወቁ።»

ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ደብተሩን አምጥተው ሰጡኝ። «ልጅቷ ታንብበው። እርስዎ አይንኩት» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ እናገራለሁ ብዬ ወጣሁ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከመሥሪያ ቤቴ አንድ አለቃ መጥቶ ተቀምጦ ነበርና ዝም አልኩ። በሁለተኛው እሑድ ዝናብ ነው ብዬ ክፍሉን ሳልከፍት ቀረሁ። ዝናቡ ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆየም። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ልብስ ሰፊው ቀልዱን ለስንት ደንበኛ እንዳወራው እንጃ። ይቅርታ ሲዘገይ ውሸቱ ሳይዘገይ ይሄዳል፤ ልጆቼ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው እሑድ ተነስቼ ተናገርኩ። የመጣው ሰው ከዚያ ቀን ግማሽ አይሆንም። «ያነበብኩላችሁ ታሪክ ደብተሩ ላይ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሴትዮዋ መጠጥ አይቀምሱም ነበር። ልጄ ስታርመኝ ገብቶኝ ነበር፣ ግን አፈርኩና ቀጠልኩ» አልኩ። ልብስ ሰፊው እንኳ አልቀለደም። ልጄ ከቀይ ቀለሜ ሥር ያለውን እየፈለገች አነበበች። «ቢርራ ኮቱ» የሚለው ላይ ስትደርስ ከኋላ ያሉት ሴቶች ማንም ሳይነግራቸው አብረው በዝማሬ መለሱላት፤ ደግመውም መለሱላት። መጋዘኑ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ጡረተኛው ጸሐፊ እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። የፊተኛው አግዳሚ ላይ ግን አሮጊቷ አልነበሩም። መልእክት ልኬ ነበር። አልመጡም።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሰው አላጣም። ከሲሬም ከሌላም እየመጡ ተረታቸውን ያስጽፉ ጀመር፤ ልጄና ሁለት ጓደኞቿ ይጽፋሉ፣ ጡረተኛው ጸሐፊ ያስተባብራል። አለቃዬ አንድ ቀን ጠርቶ ጠየቀኝ፣ የሚባለውን ያህል አላስፈራም። እኔ በኦሮምኛ የሚነበብ ነገር ማየቴን ትቼ፣ ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው የሆነ ሁለት ሰዎች እንዲያዩት አደረግን። ከእነዚህ አንዱ ያ ዘበኛ ነው። አሮጊቷ ግን ሁለተኛ ታሪክ አልሰጡም። ገበያ ስንገናኝ ሰላምታቸው አይጎድልም፣ ከሰላምታ አያልፍም። ይህንን ቅጣት ብዬ አልጠራውም፤ የሚገባኝን ያህል ብቻ ነው የሰጡኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን በቀጣዩ በጋ ሲሬ ላይ ስለሆነው ነገር ነው። ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሄጄ ስመለስ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ጭነት ጣሪያ ላይ እየወጣ ነው። አንድ ጨው ነጋዴ ሰዎች ሰብስቦ ያስቃል።

«የጉቴዋን ሴትዮ ሰምታችኋል? ወንዝ ዳር ቆማ ቢራ ና! ቢራ ና! ስትል ጎርፍ የወሰዳትን?»

ሁሉም ሳቁ። ቃል በቃል የእኔ ጽሑፍ ነበር፤ ጥሎሹ እንኳ አልቀረም። ተጠጋሁና፣

«ወንድሜ፣ ታሪኩ እንዲያ አይደለም» አልኩት። ወራቱን፣ ወንዙን፣ እናትየዋን፣ በእናትየዋ ቦታ የቆመችውን ሴት ነገርኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ይሄኛውማ አያስቅም» አለ።

«አያስቅም።»

«የእኔ ግን ከጽሑፍ የተገኘ ነው ጌታው። ነቀምቴ ውስጥ አንድ የተማረ ሰው ቆሞ አንብቦታል፤ የሰማ ሰው ነው የነገረኝ። እርስዎስ ከማን ሰሙት?»

ያ ሰው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ሰዎቹ ሁሉ እያዩኝ ነበር። ኮቴ ንጹሕ ነው፣ እጄ ላይ የመሥሪያ ቤት ወረቀት አለ።

«ከሰው» አልኩት።

«እንግዲያስ የተጻፈው ይበልጣል» አለና ወደ ሰዎቹ ዞሮ ከጥሎሹ ጀምሮ እንደገና ያወራላቸው ጀመር።